በደንገጎ ዳገት የፈላችው መኪናዬ፦ ከ15 ወር በኋላ

ይህችን ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ትንሽ መኪና ከገዛኋት 15 ወር ሞላኝ። በድሬዳዋና በሐረር መካከል እየተመላለስሁ 21 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ነዳጅ ቆጣቢ ናት፤ መለዋወጫዋም አያስቸግርም፤ በዚህ ረገድ የምጨምረው የለኝም። ብዕር ያስነሳኝ ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም በማቀዝቀዣ ሥርዓቷ ውስጥ ታምቆ የቀረ አየር ነው። የመኪናዋን ስም የማልጠራው ጥፋቱ የእርሷ ስላልሆነ ነው።

በዘጠነኛው ወር የታችኛው የራዲያተር ቱቦ አብጦ ስላገኘሁት ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርሁ። ልጁ ቱቦውን ካጠበቀ በኋላ ኩላንቱን፣ ማለት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ በሁለት ደቂቃ እስከ አፉ ሞላና ክዳኑን ገጥሞ «አለቀ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም ቅልጥፍናውን አድንቄ ጉርሻ ጨመርሁለት። ያ ጉርሻ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሁለተኛው ቀን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስያያዘው ከፊቴ ጭነት የከበደው አይሱዙ ነበር፤ መቅደም ስላልተቻለ በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተትሁ ወጣሁ። የዚህች መኪና ዳሽቦርድ የሙቀት መርፌ የለውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲፈላ ደግሞ ቀይ መብራት ይበራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ ብቻ ነው። ያን ዕለት ዝምታው በሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ተሰበረና ቀዩ በራ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት የኩላንቱ መጠባበቂያ ፕላስቲክ ዕቃ ከላይኛው መስመር አልፎ ሞልቷል፤ ስለዚህ ውሃ አልጎደለም ብዬ ደመደምሁ። አንድ መንገደኛ ጀሪካን ይዞ መጥቶ «ክፈተውና ጨምርበት» ቢለኝም እሺ አላልሁትም፤ የጋለ ራዲያተር ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት ይልጣል፣ በጋለ ሞተር ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃም ቴስታውን፣ ማለት የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ይሰነጥቃል። ሐሮማያ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜ አስቀዘቀዝኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነው የጋራዥ ዙረት ነው። የመጀመሪያው መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ማለት ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበትን እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን በር፣ አውጥተን እንጣለው አለኝ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቆላ ቢንፏቀቅም ደጋ ሲወጣ በቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል፤ ለነገሩ ቴርሞስታቷ ደኅና እንደነበረ ኋላ ተረጋገጠ። ሁለተኛው ከቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏልና ቴስታው ይውረድ ሲል ፈረደ፤ የጠራው ዋጋ መኪናዋን ለመሸጥ አሳሰበኝ። በዚያ ሰሞን መኪናዋን ያገዛኝን ደላላ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደተሟገትሁት አልቆጠርሁትም። «ሞተሯ አልተነካም» ብሎኝ ነበርና፣ ያልተነካችው ሊነካት የደፈረ ጠፍቶ ነው ወይ እያልሁ ብቻዬን አጉረመርም ነበር።

ሦስተኛው በከዚራ የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ እንድመጣ አዘዙኝ። ክዳኑን ሲከፍቱት ራዲያተሩ እስከ አንገቱ ባዶ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው የመጠባበቂያ ዕቃ ግን እንደ ሞላ ነው። ጣታቸውን በክዳኑ ውስጠኛ ላስቲክ ላይ አሹት፤ እንደ ቀንድ ደርቋል። ክዳኑ ሞተሩ ሲግል የተረፈውን ኩላንት ወደ መጠባበቂያው ያስወጣል፤ ሲበርድ ደግሞ መልሶ ሊስበው ይገባል። የእኔው ማስወጣቱን እንጂ መመለሱን ትቶ ኖሯል።

ቀጥለው «ልጄ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው» አሉኝ። ድሬዳዋ ላይ ማሞቂያ መክፈት ቀልድ ስለመሰለኝ «ጋሼ፣ ለማን ብዬ?» ብዬ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላም ከማሞቂያው የወጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባም ውሃ ከእንስራ ሲንቆረቆር የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በጥድፊያ ሲሞላ የገባው አየር እዚያ ይጠራቀማል። ሞተሩ እየጋለ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ኩላንቱ አልደረሰበትም ማለት ነው። የውሃ ፓምፑም አየር ሲገጥመው መግፋት አይችልም። አዲስ አበባ ብኖር በመጀመሪያው ብርዳም ጠዋት በነቃሁበት ነበር፤ በድሬ ሙቀት ግን ያንን ቁልፍ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አንድ ቀን አልነካሁትም።

መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገን ተዳፋት ላይ አቆምናት። ሽማግሌው የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቆርጠው በራዲያተሩ አፍ ላይ ገለበጡት፤ ዙሪያውንም ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቀደደ ላስቲክ አሰሩት። ዓላማው ኩላንቱ ከማሞቂያው ከፍ ብሎ እንዲቆምና አየሩ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ከዚያ የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዘው ጨመቅ ለቀቅ ሲያደርጉት ትልልቅ አረፋ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፤ ኩላንቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የፕላስቲኩ ግማሽ በአንድ ጉንጭ ገባ። የራዲያተሩ ማራገቢያ (ቬንትሌተር) ሁለት ጊዜ እስኪነሳና እስኪቆም ጠበቅን፤ በጠቅላላው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ጠጣች። የማሞቂያው ነፋስ ፊቴን ሲለበልበኝ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ሙቀት የለም። «አረፋው አላቆም ቢለን ያን ጊዜ ስለ ቴስታ እናወራ ነበር» አሉኝ፤ ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ጋዝ አረፋውን ማብቂያ ያሳጣዋልና።

ክዳኑን 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር በተቀረጸበት አዲስ ለወጥን። ይህን እንደ ተራ ነገር የሚያይ ሰው ከፍታውን ያስብ፤ በሐረር ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ይህም ብዙዎቹ ቬንትሌተሮች ከሚነሱበት ሙቀት ብዙ የማይርቅ ነው። ደኅና ክዳን ግፊቱን አፍኖ መፍያውን ከሃያ ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ የላላ ክዳን ግን ሞተሩን እንደ ተከፈተ ድስት ይተወዋል።

ከዚያ ወዲህ ደንገጎን በየሳምንቱ፣ የጫት መኪኖች ከአወዳይ ሲወርዱ እየተገላለልሁ እወጣዋለሁ፤ ቀዩ መብራት አንድ ጊዜም አልበራም። የተቆረጠው ፕላስቲክ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ልትጥለው ስትል ከልክያታለሁ።

መኪናዋን አልሸጣትም። ባለፈው ሳምንት ያው ደላላ ደውሎ ገዢ እንዳገኘላት ነገረኝና «ሞተሯ አልተነካም ልበለው?» ሲል ጠየቀኝ። ቴስታዋ ስላልወረደ፣ ይህን ቃል በልበ ሙሉነት መመለስ የምችል ሰው አሁን እኔ ነኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።