የጎንደር የድሮ ቤት ባለቤቶች፣ ይህን የጣሪያ ጥገና ባለሙያ እወቁልኝ

ጎንደሬዎች፣ በተለይ የድሮ ቤት ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አግኝቼ ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የእናቴ ቤት ፒያሳ አካባቢ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደር ሳለ ካሠራቸው ቤቶች አንዱ ነው። እናቴ የምትተኛበት ክፍል የግድግዳ ምድጃ ነበረው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በኋላ የጋዝ ማሞቂያ አስገጠመበት። ማሞቂያው ተበላሽቶ ከተነቀለ ቆየ፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ግን ኮርኒሱንና ቆርቆሮውን በስቶ እንደቆመ ቀረ። ሥራ የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡን ወደ ቤት የሚያስገባው ግን እሱ ነው። የጎንደርን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዝገት የያዘ ውሃ በግድግዳው ይወርዳል፣ ኮርኒሱ ያብጣል፣ እናቴ አልጋዋን ከጥግ ጥግ ስታስጎትት ታድራለች።

ያየነውን አበሳ ብነግራችሁ! አንዱ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሌላው «ቀላል ነው» ብሎ በቱቦው ዙሪያ ሲሚንቶ ለጥፎ ሄደ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ከበፊቱ ባሰ። ስንደውልለት «ቤታችሁ አርጅቷል፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለን። ደግሞ ሌላው መጣና መሰላል እንኳ ሳይወጣ፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ አየና «ጣሪያው በሙሉ ይቀየር» አለ። የጠራውን ዋጋ ስትሰማ እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በጡረታ የምትኖር ሴት ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አሮጊት ብቻዋን ስትሆን ሁሉም እንደፈለገ የሚያደርጋት ነገር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው።

ከዚያ ጎረቤታችን ይህን ልጅ ጠቆመችን። መጣ፣ ወጣ፣ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አየው። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። «ዛሬ ቆርቆሮውን ከከፈትኩት እማማ ዝናብ ላይ ያድራሉ። ሰማዩ ሲጠራ ጠዋት እመጣለሁ» አለ። ቀብድም አልጠየቀ። ባለው ጠዋት መጣ!

ሥራውን በዝርዝር ልነግራችሁ አልችልም፤ አይገባኝም። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኖ ቱቦውን ከላይ ጀምሮ እየቆራረጠ አወረደው፣ የተበሳውን ቆርቆሮ በአዲስ ተካው። እኔ የማልረሳው ግን ቱቦው በግድግዳው ላይ የተወውን ቀዳዳ ሊደፍን ሲል ያደረገውን ነው። ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ አየና እጁን ሰብስቦ ቆመ።

«እማማ፣ ከሰል እዚህ ክፍል ያስገባሉ?»

«አዎ ልጄ፣ ቡና አፈላበታለሁ። ሲበርደኝም እሞቀዋለሁ።»

መሣሪያውን አስቀምጦ አጠገቧ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬ ይህ ቀዳዳ አየር ያስወጣ እንደነበር፣ አሁን ሲደፈን ክፍሉ እንደሚታፈን ቀስ ብሎ አስረዳት። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አይተውም፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰው በተኛበት ይገድላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከሰል አስገብቶ በር የሚዘጋው ቤት ስንት ነው!

ከዚያ ሳንጠይቀው ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ የአየር መተላለፊያ ከፍቶ ወንፊት ገጠመበት። ተጨማሪ ሳንቲም አልተቀበለም። «ይህ አለ ብለው ግን እንዳይዘናጉ፤ ቡናው በረንዳ ላይ፣ ከሰሉ ደግሞ ከቤት ውጭ ይደር» ብሎ ቃል አስገባት። የጠራነው ለቱቦ ነበር። እሱ ግን ክፍሉ ውስጥ ለምትተኛው ሰው አሰበ። እጁ ይባረክ። የወለደች ማህፀን ትባረክ።

ክረምቱ አለፈ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ግድግዳውም ደርቆ ቀለም ተቀባ።

እባካችሁ ይህን ልጅ አሠሩት። ታማኝ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ የማይችለውን «አልችልም» ይላል። ማራኪ ሰፈርም አዘዞም ይሄዳል። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ብቻ ሰኔ ሳይገባ ደውሉለት፤ ዝናቡ ከጀመረ ጣሪያ መክፈት አይቻልም።