የእናቴን ቅዳሴ ለመለሳችሁላት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

እናቴ የጭን አጥንቷ ከተሰበረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ከዚያ በፊት እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ የበሩ ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰን። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከቀረባት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የምትተኛበት ቀን በዛ። ይህን የምጽፈው ምስጋናዬ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቴሌቪዥን ሠራተኞች እንዲደርስልኝ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩላት ሌላ የስብከት ጣቢያ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሰባኪው ይጮኻል፣ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመላለሳል፣ ዛሬውኑ ያላስገባ በረከቱ ያልፈዋል ይባላል። አንድ ቀን እናቴ ለመድኃኒት ያስቀመጠችውን 500 ብር ከትራሷ ሥር አውጥታ ባንክ እንዳስገባላት ለመነችኝ። እንዴት አንጀቴ እንዳረረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ የ2012ቱ ስቅለት መጣ፣ ሚያዝያ 9። በኮሮና ምክንያት ብዙው ምእመን ከቤቱ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ቴሌቪዥን ከፈትን። የሕማማት መጽሐፉ፣ ግብረ ሕማማቱ፣ ይነበባል፣ ካህናቱ ኪርያላይሶን እያሉ ይሰግዳሉ፤ በላዩ ላይ የሚያወራ የለም፣ የሚጣደፍ የለም። እናቴ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ዝቅ ቀና ታደርግ ጀመር። እኔም አጠገቧ ሰገድኩ። ሲመሽ «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ» አለችኝ።

ጣቢያዎቹ ኢትዮሳት ወደሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ሲዛወሩ ደግሞ ሥዕሉ ጠፋብን። የመጀመሪያው የዲሽ ሠራተኛ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው ሪሲቨሩ ተቃጥሏል ብሎ የማይሠራ አሮጌ ሸጠልን። ሦስተኛው ቆርቆሮውን ረግጦ ሄደ፤ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ሲያፈስብን ከረመ። እናቴ ከወር በላይ ባዶ መስታወት ስታይ ኖረች።

አራተኛውን ልጅ የላከችልን ጎረቤታችን ናት። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ወዴት እንዳዞረው አላውቅም፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሥዕሉ ሲመጣ ግን ዕቃውን ሰብስቦ አልሄደም። አልጋዋ አጠገብ በርከክ ብሎ «እማማ፣ አዘውትረው የሚያዩት የትኛውን ነው?» አላት። ነገረችው። ጣቢያውን ቁጥር 1 ላይ አደረገላት። እጇ እንደሚንቀጠቀጥ አይቶ ኖሮ፣ ከመድኃኒቶቿ መካከል ፕላስተር አንሥቶ ትንሽ ቆረጠና ጣቷ እንዲያገኘው የሪሞቱ 1 ቁጥር ላይ ለጠፈላት። ሦስት ጊዜ ራሷ እንድትጫነው አደረጋት። የተቀበለው የተነጋገርነውን 300 ብር ብቻ ነው። እናቴ የክርስትና ስሙን ጠይቃዋለች፤ እስከ ዛሬ በጸሎቷ ትጠራዋለች። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ትባረክ።

አሁን ቤታችን ቅዳሴው፣ መዝሙሩ፣ ስብከቱ ይሰማል። የደመራው፣ የጃን ሜዳው ጥምቀት ሲተላለፍ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ነው፣ ቡናም ይፈላል። እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ሲያሳዩ መስቀለኛውን አምባ እንዳየች ከትራሷ ቀና አለች። «በዚያች በር ነው የገባሁት፣ አንቺን አዝዬ» አለች። እኔ መታዘሌንም፣ ስለት እንደነበረባትም አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት መንገዱን ሁሉ፣ ያደረችበትን፣ ውኃ የሰጧትን ሰዎች ሳይቀር እስከ ማታ አወራችኝ። ካሜራውን ይዛችሁ ያን ዳገት የወጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ድካማችሁ አንዲት አሮጊትን አገሯ አድርሷታል። እመብርሃን ውለታችሁን ትክፈልልኝ።

ቤታችሁ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ጣቢያ ክፈቱላቸው። ስትወጡም አትዝጉባቸው። ዲሽ የተበላሸባችሁ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ልጁን አስፈቅጄ ስልኩን እልክላችኋለሁ። እሑድ አይሠራም፣ ያስቀድሳል፤ ከሰኞ ጀምሮ ደውሉለት።