ቅብጥኛው ይጠበቅ ወይስ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይቀደስ?

በግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ የግብፅ ክርስቲያኖች ጥንታዊ ቋንቋ የሆነውን ቅብጥኛ መጠበቅ፣ ሌላው ምእመኑ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአገር ቤት በዐረብኛ፣ በውጭ ደግሞ በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች መቀደስ ነው።

ሁለተኛው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅብጥኛ ከሕዝቡ አፍ እየራቀ በሄደበት በ12ኛው መቶ ዘመን ፓትርያርክ ገብርኤል ዳግማዊ (እ.ኤ.አ. 1131–1145) ወንጌሉ በዐረብኛም እንዲነበብ ፈቅደዋል። ምንባቡን ሰምቶ መረዳት ለነፍስ ያለውን ጥቅም ማንም አይክድም።

ቅብጥኛው ግን ከቃሉ ጋር ዜማውን ተሸክሟል። በስቅለት ዕለት «ጎልጎታ» የተባለው መዝሙር ሲዜም ያዳመጠ ሰው አንዲት አናባቢ ስትሳብ፣ ዝቅ ብላ ስትመለስ ይሰማል፤ ቃሉ ሲተረጎም ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋዋል። የቅብጥ ዜማ ተመራማሪው ራጌብ ሙፍታህ ዕድሜያቸውን የሰጡት፣ ዐይነ ስውሩ የዜማ መሪ ሚካኤል ጊርጊስ አል-በታኑኒ በቃላቸው የያዙትን ይህን ዜማ በኖታ ጽፎና በድምፅ ቀርጾ ለማቆየት ነበር።

ስለዚህ እኔ ምንባቡና ስብከቱ በሕዝቡ ቋንቋ፣ ረጃጅሞቹ ዜማዎች በቅብጥኛ እንዲሆኑ እመርጣለሁ። ግእዝና አማርኛን አቀናጅተን ለምንቀድሰው ለእኛም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የሚያሳስበኝ ግን ቅብጥኛውን በዐረብኛ ወይም በላቲን ፊደል ጽፎ በስክሪን ማስነበብ ነው፤ ወጣቱ ዲያቆን አብሮ ያዜማል እንጂ፣ ለ«ሸ» ድምፅ ከጥንቱ የግብፅ ጽሕፈት የተወሰደችውን ፊደል ቢያሳዩት አይለያትም።