ዋን ፒስን ከሀ ለመድገም፦ ሦስት-በአንዱ ወይስ ባለሣጥኑ?

እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረውን የኤይቺሮ ኦዳን ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ልቦለድ) ዋን ፒስ ከመጀመሪያው ለመድገም የትኛው እትም ይገዛ? አሳታሚው ቪዝ ሦስት ሦስት ቅጽ እያጣመረ በእንግሊዝኛ የሚያወጣው ሦስት-በአንድ።

ነገሩ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ የኢስት ብሉ ታሪክ፣ የሚዘጋበት ምዕራፍ 100 ያለው ቅጽ 12 ውስጥ ነው። ነጠላው ቅጽ በ10 ዶላር፣ ሦስት-በአንዱ በ15 ሲታሰብ፣ አሥራ ሁለቱ በነጠላ 120፣ በጥምር 60 ዶላር ይሆናሉ። ሻጩ ሁለት ዶላር ቢጨምርም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ባለሣጥኑ ከቅጽ 1 እስከ 23 ይዞ ወደ 200 ዶላር ይጠጋል፤ ስምንት ጥምሮች ግን 24 ቅጽ በ120 ይሰጣሉ። ያቺ አንድ ቅጽ ቀላል አይደለችም፦ ሣጥኑ ምዕራፍ 216 ላይ ያበቃል፣ ከመርከቡ ጓዶች አንዷ የምትሆነው ሮቢን መርከቡ ላይ የምትገኘው ግን 217 ላይ ነው! ከሣጥኑ ጋር የሚመጡት ፖስተርና ዋን ፒስ የተነሣበት የጥንቱ አጭር ታሪክ «ሮማንስ ዶውን» ደስ ይላሉ፤ ለሰብሳቢ እንጂ ለአንባቢ 80 ዶላር አያወጡም።

የጥምሩ ድክመት ጀርባው ነው። ወፍራም ሆኖ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከተጫኑት መሐሉ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ገጽ መርገፍ ይጀምራል። ሲገዛ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ጥቂት ገጽ እየከፈቱ ጀርባውን በጣት ማለስለስ ይበጃል። ከተሰነጠቀ ነጭ ኮላ በቀጭን ብሩሽ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ይቀባል፤ ግራና ቀኝ የሰም ወረቀት ገብቶ ከባድ ነገር ተጭኖበት 24 ሰዓት ያድራል። ሱፐር ግሉ አይሞከር፦ ሲደርቅ ስለሚጠነክር በሚቀጥለው መገለጥ ከነወረቀቱ ይሰበራል። በሁለት ገጽ የተሳሉት ትልልቅ ሥዕሎች መሐላቸው በመታጠፊያው መዋጡ ግን መድኃኒት የለውም።

እጅግ የረከሰ ከተገኘ ሕገወጥ ቅጂ ነው። ግራጫው ነጠብጣብ ጥላ ተጨፍልቆ ጥቁር ይሆናል፣ በጠርዝ ያሉ የንግግር ፊኛዎች ይቆረጣሉ። ሌላው ምልክት ስም ነው፦ የቪዝ ጥምር፣ በሌላ ቦታ «ዞሮ» የሚባለውን ጎራዴኛ «ዞሎ» ይለዋል። ስህተት መስሏችሁ እንዳትመልሱት፤ «ዞሮ» የሚል ጥምር ከሆነ ነው መጠርጠር።

ስታዙ አራቱን ብቻ አትዘዙ። አራተኛው ጥምር ምዕራፍ 108 ላይ፣ «ዊስኪ ፒክ» የተባለው ታሪክ መሐል ስለሚቋረጥ አምስተኛውን አብራችሁ ውሰዱ።