«እኔ ከዚህ ቤት ሸሽቼ ነው የወጣሁት»፦ በአንኮበር መንገድ፣ በድንጋይ ጎጆ አንድ ሌሊት

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ከዚህ ቤት ሸሽቼ ነው ቆርቆሮ ቤት የገባሁት። አሁን ከፍዬ ልደርበት?» አለችኝ።

የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ሌሊት፣ ከነቁርሱ 2,400 ብር።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። አራት ክብ የድንጋይ ጎጆዎች፣ አንድ ማድ ቤት፣ ባሕር ዛፍ ሥር የተደረደሩ ዱካዎች። በቃ ይኸው ነው። ስሙን አልጽፍም። ጉድለቱን ልናገር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሲነግሯቸው የሚሰሙ ሰው ናቸው። እስኪያስተካክሉት ስማቸውን ይዤ አደባባይ መውጣት አልፈለግኩም።

የሄድኩት ለሽርሽር ብቻ አይደለም። አባቴ ግንበኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ጭቃ አቀብለው ነበር። በኋላ ጅዳ ሄጄ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። የአሠሪዎቼ ትልቋ ልጅ አርክቴክቸር ትማር ነበርና ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ አል በለድ ስትሄድ እኔን ታስከትለኛለች። «ሜትሩን ያዥልኝ» ትለኛለች። እኔ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ለጥፌ እቆማለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። ከሳምንቱ ሥራ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ቤት ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ስለዚህ ከግድግዳው ልጀምር።

ግድግዳው ግሩም ነው። በበሩ በኩል ውፍረቱን በስንዝር ለካሁት፤ ሦስት ተኩል ሆነ። ድንጋዩ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከውጭ በኩል ፊቱ በመዶሻ ተስተካክሏል፣ ከውስጥ ደግሞ እንዳለ ተትቷል። ማያያዣው ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። ትልልቁ ከታች፣ ከላይ እያነሰ ይሄዳል። በትልልቁ መሀል ያለው ክፍተት በጠጠር ድንጋይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሞልቷል። አባቴ ቢያየው ሁለት ጊዜ አንገቱን ይነቀንቅ ነበር። እሱ ሰው ሲያደንቅ ከዚያ በላይ አይናገርም።

ወፍራም ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ለደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኛ ብሎኬት ቤት ውስጥ ያደግን ልጆች ግን ሌሊቱን እየተንቀጠቀጥን፣ ቀኑን ቆርቆሮው እያነደደን ነው የኖርነው።

አል በለድ ያለው ድንጋይ ሌላ ነው። ከቀይ ባሕር የወጣ ኮራል ነው፤ ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የዛጎል ቅርጽ ሁሉ ያለበት። በየተወሰነ ከፍታው እንጨት አግድም ተጋድሟል። ግንቡን የሚያስረውና ክብደቱን የሚያካፍለው እሱ ነው። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሮሻን የሚሉት አለ። ከግድግዳው ወደ መንገዱ ወጣ ያለ፣ የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት ነው። ነፋሱን ያስገባል፣ ፀሐዩን ይከለክላል። ውስጥ ያሉት ሴቶች መንገዱን ያያሉ፤ ከመንገድ ያለው እነሱን አያያቸውም። እኔ አንዱ ሥር ሜትር ይዤ ስቆም፣ ውጭ አርባ ዲግሪ ሆኖ፣ ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ ተሰምቶኛል። ያለ ኤሲ።

ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከታወቁት ቤቶች አንዱ ናሲፍ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 የተጠናቀቀ። ደጁ ላይ አንድ ያረጀ የኒም ዛፍ አለ፤ ድሮ በከተማው ሌላ ዛፍ ስላልነበረ ቤቱን «ባለ ዛፉ ቤት» ይሉት ነበር ይባላል።

እንግዲህ ወደ ጎጆዬ ልመለስ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ባለቤቱ በምሥራቅ በኩል ግድግዳውን ከፍተው አንድ ትልቅ ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ገጥመዋል። ከወገቤ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ሥር። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ቆላው ከታች እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቶ ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አይቼ አላፍርም፣ አልቅሻለሁ። ሌሊቱን ግን ያ መስታወት ብርዱን እንደ ቧንቧ ሲያፈስብን አደረ። ሦስት ስንዝር ተኩል ግድግዳ ገንብተህ፣ ጎኑ ላይ ከጣቴ የቀጠነ መስታወት መግጠም ካፖርት ለብሶ ባዶ እግር እንደመሄድ ነው።

የደጋ ቤት መስኮት ትንሽ የሆነው አባቶቻችን እይታ ጠልተው አይደለም። ብርዱ ነው። የጅዳው ሰፊ የሆነውም ሙቀቱ ነው። ሮሻኑን አምጥተህ እዚህ ብትገጥመው ብርድ ይገድልሃል። ደብረ ብርሃን መሀል አሁን የሚበቅሉት ባለ መስታወት ፎቆች ግን ለጅዳም ለእኛም የሚሆኑ አይደሉም። ጅዳ ያሉት እንኳ ኤሲያቸው ከጠፋ ሰው አያስቀምጡም።

ሌሊት ላይ «ከሰል እናምጣላችሁ?» አሉን። እንቢ አልኩ። በሩ በተዘጋ ክፍል ከሰል አስገብቶ መተኛት ራስን መግደል ነው፤ ይህን ለእንግዳ ባያቀርቡ ይሻላል። ያዳነን ባናው ነው። የመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ከባድ፣ ትንሽ የሚኮሰኩስ። እማዬ ጫፉን በጣቷ ፈተሸችና «ይኼ እውነተኛ ነው» ብላ ፊቷን ሸፍና ተኛች። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ያመሰገነችው እሱን ብቻ ነው።

ጠዋት ስነሳ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ረጥቧል። በእጄ ስነካው ውሃው ጣቴ ላይ ቀረ። ከውስጥ በኩል ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ አንድ ቦታ ላይ ልስኑ እንደ እንጀራ ቅርፊት ተነስቷል። ገፋ ሳደርገው ወደቀ። ከሥሩ ያለው ጭቃ ለጣት ይገባል፣ እንደ ሊጥ ለስልሷል።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ! አል በለድ ውስጥ ያየነው ያንኑ ነው። ሰዎች ኮራሉን እናጠንክር ብለው ሲሚንቶ ለጠፉበት። እርጥበቱ መውጫ አጣ። ጨዉ ከውስጥ ታምቆ ድንጋዩን ዱቄት አደረገው። የአሠሪዬ ልጅ አንዱን ግድግዳ በእስክሪብቶዋ ስትነካው ፈረሰ፤ እሷም ደነገጠች፣ እኔም። ድሮ የሚለስኑት በኖራ ነበር። ኖራ ውሃውን ያስወጣል። እኛ ጋ ደግሞ ጭቃና ጭድ፣ አንዳንዴም እበት። ሲሚንቶ ለጭቃ ግንብ ላስቲክ ማልበስ ነው።

ቁርስ ላይ ለባለቤቱ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና ልስኑን ማን ሠራልዎት?»

«ከከተማ ያመጣሁት ባለሙያ ነው። ጭቃ ከሆነ እንግዳ ይንቃል አለኝ።»

«ያስነሱት። በጭቃ ይለስኑትና ላዩን ኖራ ይቀቡት።»

ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ሳቁ። ያውቁት ነበር።

ጣሪያው የጓሳ ሳር ነው፣ ከመንዝ የመጣ። ማስመጣቱ ቀላል እንዳልነበር ጋሼ ነግረውናል፤ ጓሳ እንደፈለጉ ገብተው የሚያጭዱት ሜዳ አይደለም። ይህን ለማያውቅ ሰው፦ መንዝ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የጓሳ ምድር አለ። ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል። የጥንቶቹ ባለርስቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች የሥርዓቱን አለቃ ይመርጡ ነበር። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል። ሳሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሰው ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቀሮ ፈረሰ። በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ለዚያ ነው። ስለ ዘላቂ ልማት ስብሰባ ለሚጠሩ ሰዎች አንድ ቀን ጓሳ ወስዶ ማሳየት ይበቃ ነበር።

ክዳኑ ራሱ ጥሩ ታስሯል። እማዬ ግን ከሥሩ ሰማያዊ ላስቲክ ብቅ ያለበትን ቦታ አየች። እንዳያንጠባጥብ ብለው ያስገቡት ነው። «ጭስ የሌለው ሳር ክዳን ዕድሜ የለውም» አለች። «እኛ ቤት ምድጃው መሀል ላይ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው እንጂ ሳሩን ነቀዝ አይነካውም ነበር። ይኼ ግን ላስቲኩ ላይ ይበሰብሳል።» እርጥቡ ከታች እየተነሳ ላስቲኩ ላይ ሲጠራቀም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግንባሬ ላይ አንድ ጠብታ ወድቆብኛል።

ምግቡን ቶሎ ልለፈው፤ የሚከሰስ ነገር የለውም። ማታ ሽሮና የመንዝ በግ አልጫ። ጠዋት የገብስ ገንፎ፣ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ። ጠላው ወፍራም ነው፣ ለእኔ ጌሾው በዛ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃው ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይመጣም።

አሁን ወደ እማዬ ጥያቄ። ለምን ከፍላ ትደርበት?

ግብፅ ውስጥ ሐሰን ፈትሒ የሚባል አርክቴክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ ለጉርና ሰዎች በጭቃ ጡብ አዲስ መንደር ሠራላቸው። ጉልላት ያለው፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያምር። አብዛኞቹ አንገባም አሉ። ኑሯቸው በድሮው መንደራቸው ነበር፤ ማንም ሳያማክራቸው ነው ተነሱ የተባሉት። የአሠሪዬ ልጅ ይህን ስትነግረኝ ሰዎቹን ሞኝ አልኳቸው። እማዬን ሳያት ግን ገባኝ። ለእሷ የድንጋይ ቤት ማለት ጭስ፣ ቁንጫ፣ በየዓመቱ ክዳን መጠገን፣ ውሃ ከወንዝ መቅዳት ነው። እኔ ውበቱን የማየው ስላልኖርኩበት ነው።

አል በለድም እንዲሁ ነው። ባለቤቶቹ ገንዘብ ሲያገኙ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቪላ ወጡ። ቤቶቹን ስደተኛ ተከራያቸው። አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች፣ ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል የተከራየች። በዚያ በተፈለፈለው ሮሻን ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። ቤቱ ቆሞ የቆየው ሰው ስለነበረበት ነው፤ ያረጀውም ስለተጨናነቀ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሃምሳ ስድስት ቤቶችን ለማደስ በጀት ተመደበ፤ ጥሩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደ ከራንቲና ያሉ የስደተኛ ሰፈሮች በግሬደር ፈረሱ። እነዚያን ቅርስ ያላቸው የለም።

የጋሼን ቤት የወደድኩት ለዚህ ነው። ድንጋዩን የጠረበው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ባናውን የሠራው የመንዝ ሰው ነው፣ ገንፎውን የሠራችው ጎረቤታቸው ናት። ገንዘቡ እዚያው ይዞራል። ልስኑ ይነሳ፣ ላስቲኩ ይውጣ፣ መስኮቱ ላይ ቢያንስ የእንጨት መዝጊያ ይገጠም። ያኔ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ለአሁኑ ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ። እማዬ ሁለት ሰጥታለች፤ ሁለቱም የባናው ነው። የምትሄዱ ከሆነ የሱፍ ካልሲ ያዙ፣ ከመስኮቱ ራቅ ያለውን አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ልንወጣ ስንል እማዬ ግቢው መሀል ቆማ እንደገና ቀና አለች።

«ወንድሜ፣ ጉልላቱ ጠሟል።»

ጋሼ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው አዩ። «የቱ ጋ እትዬ?»

«ወደ ግራ። ክረምት ሲመጣ ውሃው በእሱ ነው የሚገባው። ማን ነው ያሰረልዎት?»

ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ ነበር። እማዬ ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ጋሼ መሰላል እስኪያመጡ ቆመች።