የሬይ አለን ሦስት ነጥብ ወይስ የሌብሮን ብሎክ (የተጋጣሚን ሙከራ ማገድ)?

ከሁለቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜዎች ደግሜ ደጋግሜ የማየው እ.ኤ.አ. የ2013ቱን ስድስተኛ ጨዋታ ነው። ሳን አንቶኒዮ 28 ሰከንድ ሲቀር ማያሚን በ5 ነጥብ ይመራ ነበር። ልዩነቱ ወደ 3 ከጠበበ በኋላ ያኔ ለማያሚ የሚጫወተው ሌብሮን ሲስት የቡድን ጓደኛው ክሪስ ቦሽ ኳሷን ከአየር ላይ ለቀማት፤ ሬይ አለን ወደ ማዕዘኑ የኋሊት እያፈገፈገ ተቀብሎ 5.2 ሰከንድ ሲቀር አቻ አደረገ። እግሩን እዩት፣ ቁልቁል ሳያይ ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጭ ቆሟል! ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ።

በታሪክ ግን የ2016ቱ ሰባተኛ ጨዋታ ይበልጣል። ክሊቭላንድ በጨዋታ ብዛት 3 ለ1 ከመመራት ተነስቶ፣ በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታ ያሸነፈውን ጎልደን ስቴትን በገዛ ሜዳው 93 ለ89 ረታ። ከተማዋ በትልልቆቹ ሊጎች ከ1964 ወዲህ ዋንጫ አላየችም ነበር። ያኔ ለክሊቭላንድ የሚጫወተው ሌብሮን የጎልደን ስቴቱን ኢጉዳላን ያገደበት ቅጽበት ዛሬም ልብ ያቆማል፤ ቢሆንም ሁለቱ ቡድኖች 89 እኩል ላይ ለደቂቃዎች ተገትረው ነበር፣ የክሊቭላንዱ ካይሪ ኢርቪንግ ሦስት ነጥቧን እስኪያገባ ድረስ።