የዘፈን ቁልፍ ፍለጋ፦ በሶፍትዌር ወይስ በጆሮ?

ዲጄ ዘፈኖችን ሳይጋጩ ለማቀላቀል ቁልፋቸውን፣ ማለትም ዜማው የሚመሠረትበትን ዋና ድምፅና የድምፆች ስብስብ፣ ማወቅ አለበት። ባሕር ዳር ውስጥ ሰርግም ክለብም ለሚያጫውት ዲጄ ሶፍትዌርም ጆሮም ያስፈልጋሉ።

ወጪ፦ ሬኮርድቦክስ የተባለው የዲጄ ሶፍትዌር ቁልፍን በነጻ ይለያል፤ ሚክስድ ኢን ኪ የተባለው ቁልፍ መለያ ሶፍትዌር ይከፈልበታል። በጆሮ ለመፈለግ የሙዚቃ ኪቦርድ ወይም የተቃኘ ክራር ይበቃል።

ፍጥነት፦ ሶፍትዌር፣ ያለ ጥርጥር።

ስሕተት፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ዘፈን በ24 የሜጀርና የማይነር ቁልፎች ይመድባል፤ የእኛን ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ) አያውቅም። ከሲ የሚነሳ አምባሰልን፣ ድምፆቹ ኤፍ ማይነር ውስጥም ስለሚገኙ፣ ኤፍ ማይነር ሊለው ይችላል። ጆሮ ግን ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ይይዛል፤ ትዝታውን ከባቲ፣ አምባሰሉን ከአንቺ ሆዬ ይለያል። ቅኝት ሳይለዩ ማቀላቀል፣ በእኔ እምነት፣ ዘፈኑን መበደል ነው።

ሃውስና አፍሮቢት ለሚበዛበት የጣና ዳር ምሽት ሶፍትዌሩ ይሻላል። እስክስታ ለሚወረድበት ሰርግ፣ በተለይ ከካሴት የተቀዳ የድሮ ዘፈን ካለ (የካሴቱ ፍጥነት ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል)፣ ጆሮ ይቅደም።